ሦስት ደሴት ወይስ አንድ? የባልና ሚስት የእግር ጉዞና የገበታ ዕረፍት በሲፍኖስ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሽቱትጋርት ነው፤ ከተጋባን 12 ዓመታችን። በ2019 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ልጆቹን እህቴ ጋ ትተን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን ብቻ ለስምንት ሌሊት ግሪክ ለመሄድ አስበናል። ባለቤቴ በእግሩ ተራራ መውጣት ይወዳል፤ እኔ ደግሞ ጥሩ ምግብና ባሕር። ግራ ጉልበቴን ቁልቁለት ያመኛል። ሚኮኖስን፣ ሳንቶሪኒንና ናክሶስን በአንድ ጉዞ ለማየት ዝርዝር አውጥቼ ነበር፤ እሱ ግን በዛ አለኝ። ምግቡም ያሳስበኛል፤ እኔ ጾም አላፈርስም፤ የአሳማ ሥጋ፣ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ሁለታችንም አንበላም። ቀኖቹን እንዴት ብናደርጋቸው ይሻላል?»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

በደሴቶቹ ቁጥር ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ከደሴት ወደ ደሴት መሻገር ቲኬቱ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ጉዞ ይመስላል። የሚበላው ግን ቀኑን ነው፦ ክፍሉን ረፋድ ላይ ታስረክባላችሁ፣ ሻንጣ ይዛችሁ ወደብ ላይ ትጠብቃላችሁ፣ መርከቡ ይዘገያል፣ አዲሱ ቦታ ደርሳችሁ ክፍል እስክትረከቡ ይመሻል። ሚኮኖስ በምሽት ጭፈራና በውድ ሱቅ የታወቀ ነው፤ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት እሱን አይደለም። ሳንቶሪኒ ከፊራ እስከ ኢያ በእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ የሚሄድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ግሩም መንገድ አላት፤ ሆኖም ትላልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ከሚያወርዱት ሕዝብ ጋር እየተጋፋችሁ ነው የምትሄዱት። ናክሶስ ሰፊና ለም ነው፤ 1,000 ሜትር የሚያልፈው የዛስ ተራራም እዚያ ይገኛል። ባለቤትዎ «ትልቅ ተራራ ካልወጣሁ» የሚሉ ከሆነ ናክሶስን ብቻዋን ይዛችሁ ሂዱ። የእግር ጉዞ ለሚወድና ገበታ ለሚወድ ባልና ሚስት ግን የምንመክረው ሲፍኖስን ነው፤ አንድ ደሴት፣ አንድ ክፍል፣ ሰባት ሌሊት።

ሲፍኖስ ሲክላዲስ በሚባሉት የግሪክ ደሴቶች ምዕራብ ያለች፣ 74 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የምትሰፋ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ጸጥታዋም ከዚህ የመጣ ነው። ምልክት የተደረገበት 100 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አላት፤ ብዙው ድሮ በቅሎና አህያ ይመላለሱበት የነበረ፣ በድንጋይ የተነጠፈና በካብ መካከል የሚያልፍ ነው። በምግብም በኩል ግሪኮች ራሳቸው የሚያከብሯት ደሴት ናት፤ በግሪክ የታወቀው ወጥ ሠሪ ኒኮላዎስ ጼሌሜንቴስ የዚች ደሴት ሰው ነበር፤ በየዓመቱ በሴፕቴምበር በስሙ የሲክላዲስ ደሴቶች የምግብ በዓል ይደረጋል።

አሁን ወደ ቀኑ። በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 (ሜይ 2፣ 2027) ይውላል። የግሪክ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ቀን ነው የምታከብረው፤ የልደትና የፍልሰታ ቀን ከእኛ ይለያል እንጂ ፋሲካው አንድ ነው። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 (ጁን 20) ስለሆነ እስከዚያ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ቅዳሜ ግንቦት 28 (ጁን 5) በጠዋት በረራ ወጥታችሁ በዚያው ዕለት ሲፍኖስ ግቡ፤ ቅዳሜ ሰኔ 5 (ጁን 12) ከደሴቲቱ ውጡና አቴንስ አድራችሁ እሑድ ሰኔ 6 ወደ ቤት ተመለሱ። ይህን ሳምንት የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሐሙስ ሰኔ 3 (ጁን 10) ዕርገት ነው፤ ዕርገት ደግሞ የሲፍኖስ ትልቁ በዓል ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አየሩም ለእግረኛ ምቹ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይበረታል፤ ፀሐዩም ከረፋዱ ጀምሮ በእግር አያስኬድም። በጁን መጀመሪያ ቀኑ 26 ወይም 27 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕሩ ገና ቀዝቀዝ ቢልም ላብ ላጠበው ሰው ደስ ይላል፤ ጦስኙም በየካቡ ሥር ያብባል።

ለመሄድ፦ ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ የሜትሮው ሦስተኛ መስመር ሳትቀይሩ እስከ ፒሬዎስ ወደብ ያደርሳችኋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከማረፊያው የሚነሳበት ቲኬት 9 ዩሮ ነው። ባቡሩ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ስለሚመጣ አንዱ ካመለጣችሁ ያንን ያህል ትጠብቃላችሁ። ፒሬዎስ እጅግ ሰፊ ነው፤ በሮቹ በቁጥር ተለይተዋል፤ የመርከባችሁን በር ቲኬቱ ላይ ሳታዩ ከሜትሮ ወጥታችሁ አትራመዱ፤ በተሳሳተ በር የገባ ሰው ሻንጣ ይዞ 20 ደቂቃ ሊሮጥ ይችላል። አውሮፕላኑ ካረፈበት እስከ መርከቡ መነሻ ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑራችሁ። ፈጣኑ መርከብ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ትልቁና ቀርፋፋው አምስት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ቀርፋፋው ይረክሳል፣ በማዕበል ብዙ አይናወጥም፣ ከመርከቡ ላይኛ ወለል ላይ ተቀምጣችሁም ደሴቶቹን ታያላችሁ። ነፋስ ሲበረታ መጀመሪያ የሚሰረዙት ፈጣኖቹ ናቸው፤ የመመለሻ ቲኬታችሁን የትልቁ መርከብ አድርጉት የምንለው ለዚህ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ብቻ ሳይሆን ፓስፖርታችሁንም ያዙ፤ ከጀርመን ቢነሱም ሁለቱን አብሮ መያዝ ግዴታ ነው። የጤና መድን ካርዳችሁ ጀርባ የአውሮፓ መድን ካርድ ነው፤ የደሴቲቱ ዋና ከተማ በሆነችው አፖሎኒያ ባለው ጤና ጣቢያ ያገለግላል።

ማረፊያችሁ አፖሎኒያ ወይም አጠገቧ ያለችው አርቴሞናስ ትሁን። ካማሬስ ወደብም ባሕር ዳር ስለሆነ ያምራል፤ ፕላቲስ ያሎስም አሸዋው ያማልላል። ነገር ግን አውቶቡሶቹ ሁሉ የሚገናኙት አፖሎኒያ ላይ ነው፤ መንገዶቹም ከዚያ ይነሳሉ። ባሕር ዳር ያረፈ ሰው በየጠዋቱ መጀመሪያ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ደግሞ ረፍዶበት ነው የሚነሳው። ትንሽ ማብሰያ ያለበት ክፍል ፈልጉ፤ ቁርሳችሁን ቤት ከበላችሁ በጊዜ ትወጣላችሁ። በግሪክ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ መንግሥት በየሌሊቱ የሚያስከፍለው አለ፤ እንደ ቤቱ ደረጃ ከ2 እስከ 15 ዩሮ ለአንድ ክፍል ነው፤ እዚያው ስትደርሱ ይከፈላል።

የእግር ጉዞ ሰው መጀመሪያ መንገዱን መርጦ ምግቡን ባገኘበት ይበላል። እናንተ ግን በተቃራኒው አድርጉ፤ መጀመሪያ የምሳውን ገበታ ምረጡ፣ ከዚያ ወደ እሱ የሚያደርሰውን መንገድ፣ በመጨረሻ ከገበታው የሚመልሰውን አውቶቡስ። ይህ ሥርዓት የእናንተን ችግር ሁሉ ይፈታል። ባለቤትዎ መንገዳቸውን ያገኛሉ፤ እርስዎ ምግብዎንና ባሕሩን፤ ጉልበትዎ ደግሞ ሲመለስ አይደክምም። ግሪኮች ምሳ የሚበሉት ከ14፡00 በኋላ ነው (እዚህ የምንጽፈው ሰዓት ሁሉ እንደ አውቶቡሱ ሰሌዳ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጠዋት 7፡30 ብትነሱ ሦስት ሰዓት ተራምዳችሁ፣ ዋኝታችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ ለገበታው በሰዓቱ ትደርሳላችሁ። 10፡30 የተነሳ ሰው ግን ጥላ በሌለው ዳገት ላይ ቀትር ይደርስበታል፤ ሲፍኖስ ላይ ዛፍ ጥቂት ነው፤ መንገድ ላይ ምንጭ አገኛለሁ ብላችሁም አትቁጠሩ። ለግማሽ ቀን ጉዞ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ፤ አንድ ሊትር ይበቃል የሚለው ግምት ነው ብዙ ሰው ራሱን እያመመው እንዲመለስ የሚያደርገው።

ለእርስዎ ከሁሉ የሚስማማው ከካስትሮ ተነስቶ በባሕሩ አፋፍ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ነው። ካስትሮ ድንጋይ ላይ የተሠራች የመካከለኛው ዘመን መንደር ናት፤ የዳር ቤቶቿ ጀርባ ራሱ ግንብ ነው፤ ከሥሯ ባሕር ውስጥ በገባ አለት ላይ የሰባቱ ሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ለብቻዋ ትታያለች። በጠዋቱ አውቶቡስ ካስትሮ ድረሱ፤ በዚህም ከአፖሎኒያ ያለውን ቁልቁለት ለጉልበትዎ ታተርፋላችሁ። ከካስትሮ እስከ ፋሮስ፣ ከፋሮስ እስከ ክሪሶፒጊ ገዳም፣ ከገዳሙ እስከ ፕላቲስ ያሎስ ጠቅላላው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳትቸኩሉ ሦስት ሰዓት ይበቃችኋል። ዳገቱና ቁልቁለቱ አጫጭር ነው። ይህን መንገድ የምንወደው በመካከሉ መውጫ ስላለው ጭምር ነው፤ ጉልበትዎ ከተሰማዎት ፋሮስ ላይ አቁመው እዚያው ምሳ በልታችሁ በአውቶቡስ ትመለሳላችሁ፤ ቀኑ አይበላሽም። ካልተሰማዎት ክሪሶፒጊ አጠገብ ያለው የአፖኮፍቶ የባሕር ዳርቻ ላይ ዋኝታችሁ ፕላቲስ ያሎስ ድረሱ።

ለባለቤትዎ የሚሆነው ነቢዩ ኤልያስ ነው። የደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ ሲሆን 680 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጫፉ ላይ የነቢዩ ኤልያስ ገዳም አለ። ከአፖሎኒያ ደቡብ ካለችው ካታቫቲ ተነስቶ ወደ ሁለት ሰዓት የሚወስድ ዳገት ነው፤ አብዛኛው ደረጃ ነው። ደረጃ ሲወጣ ያን ያህል አይጎዳም፤ ሲወርድ ግን ለታመመ ጉልበት ከሁሉ የከፋ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት በሙሉ በአንድ ጉልበት ላይ ያሳርፋል። እህታችን፣ ይህን ቀን ይተውላቸው። ብዙ ባልና ሚስት ዕረፍታቸውን የሚያበላሹት እያንዳንዷን ሰዓት አብረን ካላሳለፍን እያሉ ነው፤ ፈጣኑ እየጠበቀ ይሰለቻል፤ ዘገምተኛው እየተጠበቀ ይሸማቀቃል። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጠዋት ለየብቻ ሁኑና ገበታው ላይ ተገናኙ። አብራችሁ በምትሄዱበት ቀን ደግሞ ከፊት የሚሄዱት እርስዎ ይሁኑ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው ነው።

ለየብቻ ሄዶ አንድ ገበታ ላይ ለመገናኘት ከሁሉ የሚመቸው ቫቲ ነው። ባለቤትዎ ከካታቫቲ በተራራው ወገብ በኩል ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘው ይወርዳሉ፤ መንገዳቸው በቅዱስ እንድርያስ ኮረብታ ያለውን፣ ከነሐስ ዘመን ጀምሮ ሰው የኖረበትን ጥንታዊ ከተማ ያሳልፋቸዋል። እርስዎ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ቫቲ ክብ ወደብ ናት፤ ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ከዳር የሸክላ ሠሪ ቤት አለ። እየዋኙ ይጠብቋቸው። ከዚያ ሁለታችሁም በአውቶቡስ ትመለሳላችሁ። የአውቶቡሱን የመመለሻ ሰዓት ግን ስትሄዱ ነው ማረጋገጥ ያለባችሁ፤ አፖሎኒያ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በጁን መጀመሪያ አውቶቡሱ እንደ ኦገስት ቶሎ ቶሎ አይመላለስም፤ ደሴቲቱ ላይ ያሉት ታክሲዎችም ጥቂት ናቸው።

ስለ ትጥቅ ብዙ አንልም። ጥርስ ያለው ሶል ያለው ጫማ፤ የተነጠፈው ድንጋይ በብዙ ዘመን እግር ልሟል፣ በሰንደል ያንሸራትታል። ቀለል ያለ ረጅም ሱሪ፤ በየመንገዱ ዳር ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ እግር ይልጣል፤ በሲፍኖስም መርዛም እፉኝት አለ። ሰው ሲመጣ ስለሚሸሽ እምብዛም አይታይም፤ ብቻ እጃችሁን ሳታዩ ካብ ውስጥ አታስገቡ፣ ካብ ላይም ዘላችሁ አትቀመጡ። ለእርስዎ ሁለት የመራመጃ ዘንግ ይያዙ፤ ቁልቁለት ላይ ከወትሮው 5 ሴንቲ ሜትር አስረዝመው ከእግርዎ ቀድመው ይትከሉት። ተረከዝ ሲሞቅ ወዲያው ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ፤ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው። በየእርሻው ያለውን በር ካለፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ዝጉት፤ በጎች አሉ። አናቫሲ የሚባለው የአቴንስ አሳታሚ የሲፍኖስን ካርታ አውጥቷል፤ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ወረቀቱ ይቀራል። የአደጋ ስልክ 112 ነው።

ወደ ገበታው እንምጣ። ለእርስዎ የሲፍኖስ ትልቁ ስጦታ ረቪታዳ ነው፤ ሽምብራ ነው፣ ሙሉ በሙሉም የጾም ምግብ ነው። ሽምብራው ሌሊቱን ይዘፈዘፍና ስኬፓስታሪያ በሚባል ክዳን ያለው የሸክላ ድስት ውስጥ ከብዙ ሽንኩርት፣ ከወይራ ዘይት፣ ከጨውና ከሎረል ቅጠል ጋር ይገባል። ቅዳሜ ማታ በእንጨት በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይቀመጥና ምድጃው እየበረደ ሲሄድ ሌሊቱን ሙሉ በስሎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል። ሲበላ ሎሚ ይጨመቅበታል። ብዙ ታቬርናዎች (ባህላዊ ምግብ ቤቶች) የሚሠሩት ለእሑድ ብቻ ነው፣ 14፡30 ላይም ያልቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ስትደርሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ ለእሑድ ምሳ ሁለት ሳህን ማስያዝ ይሁን። የእሑድ ጠዋት ጉዟችሁም አጭር ይሁን፤ ከአርቴሞናስ ወደ አፖሎኒያ በመንደሮቹ ነጭ መተላለፊያዎች መካከል ቀስ ብላችሁ ሂዱና ገበታው ላይ ተቀመጡ።

ቤታችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ 12 ሰዓት ዘፍዝፉ፤ ሦስት ሽንኩርት፣ 150 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት፣ ሁለት የሎረል ቅጠል አድርጉበት፤ ውኃው ከሽምብራው በላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይቁም፤ ክዳኑን በሊጥ አሽጋችሁ በ150 ዲግሪ አምስት ሰዓት ያህል ተውት። የማይለሰልሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፤ ሽምብራው አሮጌ ከሆነ ወይም ሎሚውን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ። ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያጠነክረዋል፤ ሎሚ ሳህን ላይ ብቻ ነው። ድስቱን እዚያው ከሸክላ ሠሪ ግዙ፤ የሦስት ሊትሩ ለአራት ሰው ይበቃል፤ በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት።

ከረቪታዳ ሌላ ረቪቶከፍቴዴስ የሚሉት የሽምብራ ጥብስ አለ፤ ከእንቁላል ጋር የሚለውሱት ቤቶች ስላሉ በጾም ቀን ጠይቁ። ካፓሪ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ተቀቅሎ ሰላጣ ይሆናል፤ ከየካቡ የሚለቀም ነው። ሆርታ የተቀቀለ የዱር ጎመን ነው። ላዴራ የሚሉት በዘይት የሚሠራው የአትክልት ወጥ ዓይነት ሁሉ ጾም ነው፤ የተሞላው ቲማቲም ግን አንዳንዴ ሥጋ ይገባበታል። በበዓለ ሃምሳ ስለምትሄዱ ሥጋና አይብም ይፈቀድላችኋል፤ ያኔ ማስቴሎን አትለፉ። የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ነው፤ ሸክላው ሥር የወይን ሐረግ ተነጥፎ ሥጋው በላዩ ይደረጋል፤ ቀይ ወይን ጠጅና እንስላል ተጨምሮበት ሌሊቱን በምድጃ ይበስላል። የፋሲካ ምግብ ነው፤ በሌላ ጊዜም በትእዛዝ ይሠራል። ከአይቡ ማኑራ የሚባለው በወይን ጠጅ አተላ የሚበስለው ጠንካራ ሽታ አለው፤ ሚዚትራ ደግሞ ከእኛ አይብ የሚቀርብ ለስላሳ ነው። የሚዚትራውና የማሩ ኬክ ሜሎፒታ ይባላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታ ይህ ነው፦ «ኒስቲሲሞ» ማለት ለግሪኮች የጾም ምግብ ነው፤ በእነሱ ሥርዓት ግን ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ደም የላቸውም ተብሎ በጾም ይበላሉ። ኒስቲሲሞ ብላችሁ ብቻ ብታዙ ፋቫ የሚሉት የአተር ክክ ገንፎ ላይ ኦክቶፐስ ጣል ተደርጎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ሆሪስ ታላሲና» ጨምሩበት፤ ያለ ባሕር ፍጥረት ማለት ነው። የአሳማ ሥጋን በተመለከተ «ሆሪስ ሂሪኖ» በሉ። ሱቭላኪና ጊሮስ ሥጋው ካልተጠቀሰ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ ሉካኒኮ የሚባለው ቋሊማም እንዲሁ፤ ከፍቴዴስ የሚባለው የተፈጨ ሥጋ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው። አርኒ በግ፣ ካጺካኪ ፍየል፣ ሞስካሪ የከብት፣ ኮቶፑሎ ዶሮ ነው፤ ኩኔሊ ግን ጥንቸል ነው፣ እሱንም እለፉት። ከዓሣ ጺፑራ፣ ላቭራኪና ባርቡኒ ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ናቸው።

ዓሣ በኪሎ ነው የሚሸጠው። ትኩስ ዓሣ በኪሎ ከ50 ዩሮ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ከመጠበሱ በፊት ፊታችሁ ይመዘን፤ ለሁለት ሰው ከ600 እስከ 700 ግራም ይበቃል። ሳይመዘን «ለሁለት ሰው» ብሎ የሚያዝ ነው ሂሳብ ሲመጣ የሚደነግጠው። ሜኑ ላይ ከስሙ ጎን ኮከብ ምልክት ካለ በረዶ ውስጥ የቆየ ነው። የቤት ወይን ጠጅም በኪሎ ይታዘዛል፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ግማሽ ሊትር ነው፤ ለሁለት በቂ ነው። በአንድ ገበታ ለሁለት ሰው አንድ ሰላጣ፣ ሁለት ትናንሽ ሳህንና አንድ ዋና ምግብ እዘዙና ከዚያ ጨምሩ፤ የግሪክ ሰላጣ ብቻውን ለሁለት ሰው ነው። ዳቦ ባታዙትም ይመጣል፣ በሰው አንድ ሁለት ዩሮ ይታሰባል። ዓሣ ከሌለበት ለሁለት ከ45 እስከ 60 ዩሮ ያዙ። በምድጃ የተሠሩት ምግቦች ጠዋት ነው የሚወጡት፤ ምሳ ላይ ትኩስ ናቸው፣ ማታ የተረፈው ነው። ስለዚህ ወጥና ሽምብራውን ለምሳ፣ የፍም ጥብሱንና ዓሣውን ለማታ አድርጉት። እራት 21፡00 አካባቢ ነው፤ ረጅም መንገድ ባለበት ቀን ዋዜማ ግን 19፡30 ላይ በልታችሁ ተኙ።

ዕርገትን በተመለከተ፦ ክሪሶፒጊ የደሴቲቱ ጠባቂ ተብላ የምትከበረው የእመቤታችን ገዳም ናት፤ ባሕር ውስጥ በገባ አለት ላይ ተሠርታ በትንሽ ድልድይ ነው የሚገባባት። በዓሏ በዕርገት ዋዜማና ዕለት ነው። ረቡዕ ማታ ከጸሎቱ በኋላ በገዳሙ ለመጣው ሁሉ ማዕድ ይቀርባል፤ በሲፍኖስ በዓላት ሽምብራው አይቀርም። ክፍያ የለውም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የምትችሉትን ትሰጣላችሁ። ተራ እየተጠበቀ ነው የሚገባው፤ የበላ ሰው ሳይቆይ ለሚቀጥለው ይነሳል፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ነጠላዎን ይያዙ፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ጫማ ግን እዚያ አይወለቅም። ሻማ ማብራት፣ ሥዕሏን መሳለም፣ ቆሞ ማስቀደስ ትችላላችሁ። ቁርባን ግን አትቅረቡ፤ ከኬልቄዶን ጉባኤ (451) ወዲህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ አይደሉም፤ ካህኑንም ለማስቸገር አይገባም። ለዚያ ሌሊት መመለሻ አውቶቡሱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባለቤትዎ «በእግር እንመለስ» ካሉ በጨለማ ደረጃ ለጉልበትዎ አይሆንምና እምቢ ይበሉ።

ክፍሉን አሁኑኑ ያዙ፤ በዕርገት ሳምንት ከአቴንስ የሚመጡ የሲፍኖስ ተወላጆች ቤቶቹን ይሞላሉ። ቀጥሎ በረራው፣ የመርከቡ ሰዓት ሰሌዳ ሲወጣ ደግሞ የመርከቡ ቲኬት ነው። ቅዳሜ ሰኔ 5 ማታ አቴንስ እንድታድሩ የምንለው ነፋስ መርከብ ቢያስቀር በረራችሁ እንዳያመልጣችሁ ነው። አርብ ማታ ወደብ ያለው የቲኬት ቢሮ ጠይቁ፤ ለቅዳሜ በነፋሱ ምክንያት መርከብ እንዳይወጣ ክልከላ ሊኖር እንደሚችል ከነገሯችሁ የማለዳውን መርከብ ያዙ።